«መፍትሔ የለውም» ከማለታችን በፊት፦ ዲስክሪሚናንትና ኳድራቲክ ያለእኩልነት



በዚህ እትም በሒሳብ ዓምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በማስተማር ልምምድ ወቅት ያየነው ነው። በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ጥያቄ ይህ ነበር፦

ቀ² − 4ቀ + 7 > 0

(በእንግሊዝኛው መጽሐፍ ኤክስ የሚባለውን እዚህ ቀ ብለነዋል። አባዢ ቁጥሮቹንም በቅደም ተከተል ሀ፣ ለ፣ ሐ እንላቸዋለን። ፊደሉ ቢለወጥ ሒሳቡ አይለወጥም።)

አንድ ተማሪ በደብተሩ ላይ በቀ ምትክ 0 አስገብቶ 7 አገኘ። 2 አስገብቶ 3 አገኘ። 10 አስገብቶ 67፣ ከዚያም −3 አስገብቶ 28 አገኘ። የወጣለት ሁሉ ከዜሮ በላይ ሆነበት። ስለዚህ «ሁሉም ቁጥር ይሆናል» ብሎ ጻፈ። ዕጩ መምህሩ ግን ዲስክሪሚናንቱን አሰላ፤ 16 − 28 = −12 ሆነ። ወዲያው በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘና «ዲስክሪሚናንቱ ኔጋቲቭ ስለሆነ መፍትሔ የለውም» ብሎ አረመው።

ልጁ ልክ ነበር። ምክንያቱን በሥርዓት አላስቀመጠም፤ አራት ቁጥር መሞከርም ማረጋገጫ አይሆንም። ነገር ግን መልሱ ልክ ነበር፤ መንገዱም ጥሩ ጅምር ነበር። አሁን ይህ ልጅ ምን ተማረ? በገዛ እጁ አስልቶ ያገኘውን ነገር አንድ ያልገባው ሕግ ሊሽርበት እንደሚችል ተማረ። በሚቀጥለው ጊዜ አይሞክርም፤ ሕጉን ብቻ ይጽፋል። ነጥብ መቅረቱ እምብዛም አያሳስበንም፤ ይኸኛው ግን ያሳስበናል።

ታዲያ ስሕተቱ ከየት መጣ? ዕጩ መምህሩ ከልቡ ፈጥሮ አልተናገረም። «ዲስክሪሚናንቱ ኔጋቲቭ ከሆነ መፍትሔ የለም» የሚለው ዐረፍተ ነገር በኳድራቲክ እኩልነት ትምህርት ውስጥ ሁላችንም የቃረምነው ነው፤ እዚያም እውነት ነው። ችግሩ፣ ዐረፍተ ነገሩን የያዝነው ግማሹን ጥለን መሆኑ ላይ ነው። ሙሉው እንዲህ ይላል፦ ዲስክሪሚናንቱ ኔጋቲቭ ከሆነ ሀቀ² + ለቀ + ሐን ዜሮ የሚያደርገው ምንም ሪያል ቁጥር የለም። «ዜሮ የሚያደርገው» የምትለዋ ነገር ስትቀር ነው ጉዱ የሚመጣው። እኩልነቱ የሚጠይቀው «የት ላይ ዜሮ ይሆናል?» ብሎ ነው፤ ያለእኩልነቱ የሚጠይቀው ደግሞ «የት ላይ ከዜሮ በላይ፣ የት ላይ ከዜሮ በታች ይሆናል?» ብሎ ነው። የትም ቦታ ዜሮ አይሆንም ማለት የትም ቦታ ከዜሮ በላይ አይሆንም ማለት አይደለም። እንዲያውም ዜሮን ፈጽሞ የማይነካ ነገር ወይ ሁልጊዜ በላይ ነው፤ ወይ ሁልጊዜ በታች ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት እንበል። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ተማሪው «ዲስክሪሚናንት» የሚለውን ቃል እንደ አንድ የመድኃኒት ስም ይዞት ይቀራል። ትርጉሙ ግን ቀላል ነው፤ «ለዪ» ማለት ነው። ስሙን ለሒሳብ ያወጣለት እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጄምስ ጆሴፍ ሲልቨስተር ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1851 ነው። ነገሩ ግን ከስሙ በጣም ይቀድማል። በ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ፣ አልጀብራ የሚለው ስም የመጣበትን መጽሐፍ ሲጽፍ፣ ዛሬ ቀ² + 21 = 10ቀ ብለን የምንጽፈውን ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ምልክት አልነበረውም፤ ሁሉንም በቃላት ነው የጻፈው። የ10ን ግማሽ ውሰድ፣ 5 ነው፤ በራሱ አባዛው፣ 25 ነው፤ 21ን ቀንስ፣ 4 ይቀራል፤ የዚህ ስኩዌር ሩት 2 ነው፤ ከ5 ብትቀንሰው 3፣ ብትደምረው 7። ከዚህም ጋር ያ ብዜት ከቁጥሩ ካነሰ ጥያቄው የማይሆን መሆኑን፣ እኩል ከሆነ ደግሞ መልሱ ራሱ ግማሹ መሆኑን አስታወቀ። ልብ በሉ፤ 25 − 21 ማለት እኛ ለ² − 4ሀሐ ብለን የምናሰላው ነገር (100 − 84 = 16) አንድ አራተኛ ነው። ሦስቱም ሁኔታዎች እዚያው አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። አል ኽዋሪዝሚ «አይሆንም» ያለው ስለ እኩልነት ነው። ከ > እና < ምልክቶች ጋር እንኳ አልተገናኘም። እነዚህ ምልክቶች በመጽሐፍ ታትመው የወጡት የእንግሊዛዊው ቶማስ ሃሪየት ሥራ ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1631 ሲታተም ነው። የእኩልነቱን ፍርድ ወደ ያለእኩልነት ሳንመረምር መውሰድ እንግዲህ የኛው የአንባቢዎቹ ችኮላ ነው።

ነገሩን በአንድ ገመድ እንየው። ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎች የጓሮ አትክልት ቦታ ሊያጥር ፈለገ እንበል። ያለው ገመድ 40 ሜትር ነው። ቦታው አራት ማዕዘን ይሁን፤ ወርዱ ቀ ሜትር ከሆነ ቁመቱ 20 − ቀ ይሆናል። ስፋቱም ቀ(20 − ቀ)፣ ማለትም 20ቀ − ቀ² ካሬ ሜትር ነው።

የእርሻ ኃላፊው መጀመሪያ «ቢያንስ 96 ካሬ ሜትር ይሁንልኝ» አለ። 20ቀ − ቀ² ≥ 96 ብለን እንጽፋለን። ሁሉንም ወደ አንድ ወገን አምጥተን በ−1 ስናባዛው (ምልክቱ ይዞራል፤ ይህቺን የሚረሳ ብዙ ነው) ይህን እናገኛለን፦

ቀ² − 20ቀ + 96 ≤ 0

ዲስክሪሚናንቱ 400 − 384 = 16 ነው። ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች 8 እና 12 ናቸው። መልሱም 8 ≤ ቀ ≤ 12። በሙከራ ብናየው 9 በ11 ሲባዛ 99 ይሆናል፤ ይበቃል። 7 በ13 ሲባዛ ግን 91 ነው፤ አይበቃም። ኃላፊው ከ8 እስከ 12 ድረስ የወደደውን ወርድ የመምረጥ ነጻነት አለው።

ቀጥሎ «ቢያንስ 100 ይሁን» አለ። ቀ² − 20ቀ + 100 ≤ 0። ዲስክሪሚናንቱ 400 − 400 = 0። ያ ሁሉ ነጻነት ጠቦ ጠቦ አንዲት ነጥብ ሆነ፤ ቀ = 10 ብቻ። 10 በ10 የሆነ ካሬ ካልሆነ በስተቀር በዚህ ገመድ 100 አይገኝም።

ኃላፊው አሁንም አልጠገበም፤ «ቢያንስ 120» አለ። ቀ² − 20ቀ + 120 ≤ 0። ዲስክሪሚናንቱ 400 − 480 = −80 ነው። አይቻልም፤ መፍትሔ የለም። እዚህ ላይ «መፍትሔ የለም» ያልነው በትክክል ነው።

አሁን ግን ያው ኃላፊ ጥያቄውን ይገልብጠው። «በዚህ ገመድ የማጥረው ቦታ ከ120 ካሬ ሜትር እንዲያንስ ወርዱ ስንት ይሁን?» ይበለን። 20ቀ − ቀ² < 120፣ ማለትም ቀ² − 20ቀ + 120 > 0። ዲስክሪሚናንቱ አሁንም −80 ነው፤ ከቀድሞው አልተለወጠም። መልሱስ? ምንም ይሁን ምን ያንሳል! ወርዱ ከ0 እስከ 20 ባለው መካከል የፈለገውን ያህል ቢሆን ስፋቱ ከ120 በታች ነው። (ከ0 እስከ 20 ያልነው የቦታ ወርድና ቁመት ከዜሮ በታች ስለማይሆን ነው። ያለእኩልነቱ ራሱ ለሁሉም ሪያል ቁጥር እውነት ነው።)

አንድ −80፣ ሁለት ተቃራኒ መልስ፤ በአንዱ ጥያቄ «ምንም»፣ በሌላው «ሁሉም»። ስለዚህ ዲስክሪሚናንቱ ብቻውን መልስ ሊሆን እንደማይችል በዚህ አወቅን።

ይህንኑ በሌላ በኩል ማሳየት ይቻላል፤ ለክፍል ውስጥ ውይይት እጅግ የሚመች ሆኖ ስላገኘነው እናክለዋለን። ቀ² − 4ቀ + 7ን በ−1 አባዙት። −ቀ² + 4ቀ − 7 ይሆናል። የሁለቱንም ዲስክሪሚናንት አስሉ። የመጀመሪያው 16 − 28፣ የሁለተኛውም 16 − 28፤ ሁለቱም −12 ናቸው። ለ² ላይ የኔጋቲቩ ምልክት በካሬው ይጠፋል፤ 4ሀሐ ላይ ደግሞ ሁለቱ ኔጋቲቮች እርስ በርስ ይጣፋሉ። የመጀመሪያው ሁልጊዜ ከዜሮ በላይ ከሆነ ሁለተኛው የግዱን ሁልጊዜ ከዜሮ በታች ነው፤ ዲስክሪሚናንቱ ግን ሁለቱን መለየት አልቻለም። «ለዪ» ያልነው ይህን አይለይም እኮ! ታዲያ ይህን የሚለየው ማነው? ሀ ነው። የቀ² አባዢ ምልክት ፖዘቲቭ ወይስ ኔጋቲቭ መሆኑ ነው።

ምክንያቱን ለማየት ካሬ መሙላት የሚባለውን ሥራ እናስታውስ። የልጁን ጥያቄ እንውሰድ፦

ቀ² − 4ቀ + 7 = (ቀ² − 4ቀ + 4) + 3 = (ቀ − 2)² + 3

ካሬ ከዜሮ በታች አይወርድም። ትንሹ የሚሆነው ቀ = 2 ሲሆን ነው፤ ያን ጊዜ ዜሮ ነው። በላዩ 3 ሲደመር ትንሹ 3 ይሆናል። ልጁ 2 አስገብቶ 3 ያገኘው የመጨረሻውን ዝቅተኛ ቦታ ሳያውቀው ረግጦት ነው። ዕጩ መምህሩ ያኔ «ጥሩ፤ ከ3 የሚያንስ ነገር ልታገኝ ትችላለህ? ፈልግ እስቲ» ቢለው ኖሮ ትምህርቱ በዚያች ደቂቃ ተሰጥቶ አልቆ ነበር።

በጠቅላላው ለሀቀ² + ለቀ + ሐ ስንሠራው የሚወጣው ይህ ነው፦

ሀ × [ (ቀ + ለ/2ሀ)² − ዲ/4ሀ² ]

ዲ ያልነው ዲስክሪሚናንቱን፣ ለ² − 4ሀሐን ነው። ይህን መስመር በቃል ማጥናት አያስፈልግም፤ ማንበብ ግን ያስፈልጋል። በቅንፉ ውስጥ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ካሬ ነው፤ ኔጋቲቭ አይሆንም። ሁለተኛው ከዚያ ላይ የሚቀነሰው ነው፤ 4ሀ² ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ስለሆነ የሚቀነሰው ነገር ምልክት የዲ ምልክት ነው። ዲ ኔጋቲቭ ሲሆን ኔጋቲቭን መቀነስ መደመር ነውና ቅንፉ ምንጊዜም ፖዘቲቭ ይሆናል። የቀረው በውጭ የቆመው ሀ ብቻ ነው፤ ጠቅላላው የእርሱን ምልክት ይይዛል። በቃ፣ ሚስጥሩ ይኸው ነው።

በግራፍ ማስረዳት ለሚፈልግ ገበቴ ይበቃዋል። ሀ ፖዘቲቭ ሲሆን ግራፉ አፉን ወደ ላይ የከፈተ ገበቴ ነው፤ ኔጋቲቭ ሲሆን የተደፋ ገበቴ ነው። የዜሮው መስመር ደግሞ የጠረጴዛው ገጽ ይሁን። ዲ ኔጋቲቭ ነው ማለት ገበቴው ጠረጴዛውን አይነካም ማለት ነው። አፉ ወደ ላይ ከሆነ በአየር ላይ ተንጠልጥሏል፤ የተደፋ ከሆነ ከጠረጴዛው ሥር ነው። ዲ ዜሮ ከሆነ በአንዲት ነጥብ ብቻ ይነካዋል። ዲ ፖዘቲቭ ከሆነ ጠረጴዛውን በሁለት ቦታ ቆርጦ ያልፋል። ምሳሌው ፍጹም አይደለም፤ የሒሳቡ ገበቴ ጠርዝ የለውም፣ ወደ ላይ ያለማቋረጥ ይሄዳል። ይህን ለተማሪ መንገር ይገባል፤ አለዚያ «ከጠርዙ በኋላስ?» የሚል አይጠፋም። የሚል ካለም ጎበዝ ነው።

ዲ ፖዘቲቭ ሲሆን ብዙ መናገር አያሻም፤ በየመጽሐፉ አለ። ሁለቱ ቁጥሮች የቁጥር መስመሩን ሦስት ቦታ ይከፍሉታል። በሁለቱ መካከል ምልክቱ የሀ ተቃራኒ ነው፤ ከሁለቱ ውጭ የሀ ተመሳሳይ ነው። ለምሳሌ 2ቀ² − 7ቀ + 3 > 0 ቢባል፣ ዲ = 49 − 24 = 25፤ ዜሮ የሚያደርጉት ½ እና 3 ናቸው። ሀ ፖዘቲቭ ስለሆነና የተጠየቀውም ፖዘቲቭ ስለሆነ መልሱ ውጩ ነው፦ ቀ < ½ ወይም ቀ > 3። እዚህ ላይ ሁለቱን በአንድ ሰንሰለት አያይዞ 3 < ቀ < ½ ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አለ። እንዲህ ያለውን ተማሪ «ከ3 የሚበልጥና ከ½ የሚያንስ አንድ ቁጥር ጥራልኝ» ማለት ከቀይ እስክሪብቶ ይሻላል።

ዲ ዜሮ ሲሆን ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ብዙዎች ቸኩለው የሚያልፉት ይህንን ነው። −ቀ² + 6ቀ − 9ን እንውሰድ። ዲ = 36 − 36 = 0። ነገሩ −(ቀ − 3)² ነው። እንግዲህ አራቱን ምልክቶች በየተራ እንጠይቅ። ≥ 0 ቢባል መልሱ ቀ = 3 ብቻ ነው። > 0 ቢባል ምንም የለም። ≤ 0 ቢባል ሁሉም ቁጥር ነው። < 0 ቢባል ከ3 በስተቀር ሁሉም ነው። ከምልክቱ ሥር ያለችው አንዲት ሰረዝ መልሱን ከ«ምንም» ወደ «አንድ»፣ ከ«ሁሉም» ወደ «ሁሉም ያለ አንድ» ትለውጠዋለች። ፈተና የሚያወጡ መምህራን ይህቺን ሰረዝ ይወዷታል፤ ተማሪዎቻችንም ቢወዷት ይሻላቸዋል።

ለአራሚ የሚጠቅም አንድ አቋራጭ አለ። በቀ ምትክ 0 ስናስገባ የሚቀረው ሐ ብቻ ነው። ዲ ኔጋቲቭ ከሆነ ምልክቱ በየትም ቦታ አንድ ነውና በ0 ላይ ያለው ምልክት የሁሉም ቦታ ምልክት ነው። ስለሆነም −2ቀ² + 3ቀ − 5 < 0 ብለን ዲ = 9 − 40 = −31 መሆኑን ካገኘን በኋላ ሐን ብቻ ማየት ይበቃል፤ −5 ነው፤ ስለዚህ ሁሉም ቦታ ከዜሮ በታች ነው፤ መልሱ ሁሉም ቁጥር። ከሀ ምልክት ጋርም ይገጥማል፤ −2 ነው። ባይገጥም ኖሮ አንድ ቦታ ስሌት ተሳስተናል ማለት ነበር። ምክንያቱም ሀ እና ሐ የተለያየ ምልክት ካላቸው 4ሀሐ ኔጋቲቭ ይሆናል፤ እርሱን ከለ² ላይ ስንቀንስ እንደምራለን፤ ዲ የግዱን ፖዘቲቭ ይሆናል። ለምሳሌ 5ቀ² + ቀ − 8 ላይ ዲስክሪሚናንቱን ሳናሰላ ሁለት ቁጥሮች ዜሮ እንደሚያደርጉት እናውቃለን። አምሳና ስልሳ ደብተር ለሚያርም መምህር ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የዲስክሪሚናንቱ እውነተኛ ጉልበት የሚታየው ግን ጥያቄው ሲገለበጥ ነው። እስካሁን ያለእኩልነቱ ተሰጥቶን ቀን ፈለግን። አሁን እንዲህ ይባል፦ ቀ² + መቀ + 9 > 0 ለማንኛውም ቀ እውነት እንዲሆን መ ስንት መሆን አለበት? እዚህ ላይ ቁጥር እየተኩ መሞከር ወዴትም አያደርስም፤ ቀም መም ማለቂያ የላቸውም። ዲስክሪሚናንቱ ግን ቀን ከነአካቴው ያስወግድልናል። ሀ = 1 ፖዘቲቭ ስለሆነ የሚያስፈልገው ገበቴው ጠረጴዛውን አለመንካቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዲ < 0፣ ማለትም መ² − 36 < 0። ከዚያም −6 < መ < 6። ተማሪው እዚህ ላይ «መ < ±6» ብሎ ከጻፈ አትደነቁ፤ ከእኩልነት ልማድ የተረፈ ነው። መ² − 36 ራሱ ኳድራቲክ መሆኑን፣ ዜሮ የሚያደርጉትም −6 እና 6 መሆናቸውን፣ የተጠየቀውም መካከሉ መሆኑን ማሳየት ነው። «መፍትሔ የለውም» ብለን የምንሸሸው ኔጋቲቭ ዲስክሪሚናንት እዚህ የምንፈልገው፣ ተጠንቅቀን የምናዘጋጀው ነገር ሆነ።

አንድ ወጥመድ ግን አለ። መቀ² + 2መቀ + 3 > 0 ለማንኛውም ቀ እውነት እንዲሆን መ ስንት ይሁን ብንባል፣ ፈጥነን ዲ = 4መ² − 12መ < 0 እንላለን፤ ከዚህም 0 < መ < 3 እናገኛለን። በዚህ ውስጥ መ ፖዘቲቭ ስለሆነ የሀ ጉዳይም ተሟልቷል። ሥራው ያለቀ ይመስላል። ይሁን እንጂ መ = 0 ቢሆንስ? ያን ጊዜ ቀ² የለም፤ ኳድራቲክ አይደለም፤ ዲስክሪሚናንት የሚባል ነገርም አይነሣም። የሚቀረው 3 > 0 ነው፤ ይህም ምንጊዜም እውነት ነው። ስለዚህ ትክክለኛው መልስ 0 ≤ መ < 3 ነው። ዲስክሪሚናንት ከማስላታችን በፊት ሀ ዜሮ ሊሆን ይችላል ወይ ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ስለ ማስተማሪያው ቅደም ተከተል ያለንን አስተያየት እንጨምር። በአንዳንድ ማስታወሻዎች ላይ የሀን ሁለት ምልክትና የዲን ሦስት ሁኔታ አጣምሮ ስድስት ክፍል ያለው ሰንጠረዥ ተሠርቶ ተማሪው እንዲያጠናው ይሰጣል። ሰንጠረዡ ስሕተት የለበትም። እኛ ግን መጀመሪያ መሰጠቱን አንደግፍም። ስድስት ሣጥን ያጠና ልጅ ከወር በኋላ አራቱን ረስቶ ሁለቱን ያምታታል። ገመዱን ወይም ገበቴውን ያየ ልጅ ግን ሰንጠረዡን ራሱ ሊሠራው ይችላል፤ ቢረሳም መልሶ ይሠራዋል። ክፍለ ጊዜው አጭር ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን፤ እውነትም አጭር ነው። ቢሆንም የገመዱ ምሳሌ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም፤ ሦስቱንም ሁኔታዎች ከነመልሶቻቸው ይዟል። መሣሪያም አይጠይቅም፤ ጠመኔና ሰሌዳ ይበቃል። ገመድ ከተገኘማ ሜዳ ላይ ወጥቶ መሞከር ነው፤ በ4 ሜትር ገመድ ቢሠራም ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ከሠልጣኞችም ከመምህራንም ሊሞክሩት ለሚፈልጉ ይህቺን ጥያቄ ትተናል፦ መቀ² + 4ቀ + መ < 0 ለማንኛውም ቀ እውነት እንዲሆን መ ስንት መሆን አለበት? ዲስክሪሚናንቱ ሁለት ቦታ ይሰጣችኋል፤ አንዱን የሚጥለው ሀ ነው። መልሱን ከነምክንያቱ በወረቀት ጽፋችሁ ከዚህ ዓምድ ሥር ለጥፉት፤ መልሱ ብቻ ቢሆን ግን አንቀበልም።